አፍ ተከፍቶ ሲቀር፦ የመንጋጋ ውልቃት የ3,600 ዓመት ታሪክ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ሳዛጋ መንጋጋዬ ቋ ይላል፤ አንድ ቀን ወልቆ ይቀር ይሆን?» የሚል ነው። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ እየሳቀ ሳለ አፉ አልዘጋ ብሎት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተመለሰ፤ ምን ላድርግ?» ብላኛለች። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ይህ ችግር የሚገርም ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ደግሞ ሕክምናውን አይፈራም፣ ሳይዘገይም ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ከታሪኩ እጀምራለሁ። ረዘም ይላልና ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

19 ቀን

ተልተሌ ስሠራ ነው። ታማሚዋ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ነው የምነግራችሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ወጣት እናቱን በሞተር ሳይክል ይዞ መጣ። እናቲቱ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ የሸፈኑ ሴት ናቸው። እኔ እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ሻርፑን ሲያነሱት አፋቸው እንደተከፈተ ነው። አገጫቸው ወደፊት ወጥቷል፣ ምራቃቸው ይፈሳል። ሊያናግሩኝ ሞከሩ፤ የሚወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው፣ ቃል አይሆንም።

ልጃቸው «ዶክተር፣ ሌሊት አዛጋች፤ ከዚያ ወዲህ አፏ አልዘጋ አለ» አለኝ።

«መቼ ነው ወንድሜ?»

«ዛሬ 19 ቀኑ ነው።»

በእነዚያ 19 ቀናት ያልተባለ ነገር አልነበረም። ጎረቤት «ጋኔን ነው» አለ። ሌላው «ምች መትቷቸዋል» አለ። አንድ ክሊኒክ ወስደዋቸው «ነርቭ ነው» ተብለው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግተው ተመልሰዋል። እማማ በዚህ ሁሉ ጊዜ ራሳቸውን ወደኋላ አዘንብለው ወተት በጠብታ ሲቀበሉ ነው የከረሙት። ቀበቷቸው ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል፤ ያን ያህል ከስተዋል።

ከሁለቱ ጆሮዎቻቸው ፊት ጣቴን አሳረፍኩ። በሁለቱም በኩል የጎደጎደ ቦታ አገኘሁ። የመንጋጋው ራስ መገኘት በነበረበት ቦታ የለም። ምርመራው ይኸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በደም ሥር ሰጥቼ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ። አልሆነም። ጡንቻው ደርቋል፣ መገጣጠሚያው በአዲስ ቦታው ተላምዷል። የሪፈር ወረቀት ጽፌ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክኋቸው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንገበገበኝ የሕመሙ ክብደት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ምናልባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የሚደረገው ነገር ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። በጽሑፍ ከተቀመጠ 3,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

መንጋጋ እንዴት ይወልቃል?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አሳርፉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንሸራተት ነገር ይሰማችኋል። እሱ የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። አፍ ሲዘጋ ከጭንቅላት አጥንት ሥር ባለች ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። አፍ ሲከፈት ወደፊት ይንሸራተታል። ከጎድጓዳው ፊት አንዲት የአጥንት ጉብታ አለች። ራሱ ጉብታዋን ተሻግሮ ከፊቷ ከወደቀ፣ አፍ የሚዘጉት ኃይለኛ ጡንቻዎች ይኮማተሩና እዚያው ይቆልፉታል። ታማሚው ለመዝጋት በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ነው «ዝጋው! ጫን በለው!» የሚለው ምክር የማይሠራው።

እንግዲህ ዘዴው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መንጋጋውን መጀመሪያ ወደታች፣ ቀጥሎ ወደኋላ። ወደታች የሚጫነው ጉብታዋን እንዲያልፍ ነው፤ ወደኋላ የሚገፋው ቤቱ እንዲገባ ነው።

ከግብጽ የተገኘው ጥቅል

እ.ኤ.አ. በ1862 ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ በግብጽ ሉክሶር ከተማ አንድ ጥቅል ፓፒረስ ገዛ። እሱ በ1906 ከሞተ በኋላ ልጁ ጥቅሉን በኒውዮርክ ለሚገኝ የታሪክ ማኅበር ሰጠችው። ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ የተባለ የጥንታዊ ግብጽ ሊቅ ተርጉሞ ያሳተመው በ1930 ነው። ያኔ ዓለም የሚያነበው ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ፣ ምንጩ ደግሞ ከዚያም የቆየ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ መሆኑን አወቀ።

በውስጡ 48 የጉዳት ዓይነቶች ከራስ ቅል ጀምሮ ወደታች በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ርዕስ አለው። ቀጥሎ ሐኪሙ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚዳስስ ይነገረዋል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሕክምናው። እኛ ዛሬ በታማሚ ካርድ ላይ ከምንጽፈው ብዙም አይርቅም። ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነው፦ የማክመው ሕመም፣ የምታገለው ሕመም፣ የማይታከም ሕመም።

24ኛው ጉዳት የመንጋጋ ስብራት ነው። ሐኪሙ ሲዳስሰው የአጥንቱ መንቀጫቀጭ ይሰማዋል፤ ቁስልና ትኩሳትም አለ። ፍርዱ የማይታከም የሚል ነው። ከሱ ቀጥሎ 25ኛው የመንጋጋ ውልቃት ነው። የታማሚው አፍ ተከፍቷል፣ አይዘጋለትም። ሐኪሙ ሁለት አውራ ጣቶቹን አፍ ውስጥ አስገብቶ በመንጋጋው የኋላ ጫፎች ላይ ያሳርፋል፣ ሌሎቹን ጣቶች ከአገጭ ሥር አድርጎ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ፍርዱ የማክመው ሕመም የሚል ነው። ከዚያ በኋላ እስኪድን በየቀኑ በማርና በሌላ መድኃኒት ይታሰራል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደንግጫለሁ። አውራ ጣት ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከአገጭ ሥር። በሕክምና ትምህርት ቤት የተማርኩት ይኸንኑ ነው። ጓንትና ጋዝ ተጨምሮበታል፣ የእጁ አያያዝ ግን ያው ነው። ሌላው የገረመኝ ነገር ሁለቱ ጉዳቶች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ያ የጥንት ሐኪም የገባው አንድ ነገር ነበር። መንጋጋ ከመመለስህ በፊት ወልቋል ወይስ ተሰብሯል ብለህ ጠይቅ ነው የሚለው። ይህ ጥያቄ ዛሬም የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ሂፖክራተስ የት ላይ ተሳሳተ?

ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የግሪኩ ሂፖክራተስ መጣ። በስሙ ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ስለ መገጣጠሚያዎች የተጻፈ ነው። እዚያ ውስጥ የመንጋጋ ውልቃት በደንብ ተብራርቷል። በአንድ በኩል ብቻ ሲወልቅና በሁለቱም በኩል ሲወልቅ ያለውን ልዩነት ይናገራል። አንድ ረዳት የታማሚውን ራስ አጥብቆ እንዲይዝ፣ ታማሚውም መንጋጋውን እንዲያላላ ያዝዛል። ይህም እስከ ዛሬ ይሠራል። ራስ ካልተያዘ ኃይል ይባክናል፤ ታማሚው ከፈራና ከተወጠረ ደግሞ ጡንቻውን ማሸነፍ አይቻልም።

ነገር ግን መጽሐፉ አንድ አስፈሪ ነገር ይጨምራል። መንጋጋው ካልተመለሰ ታማሚው በትኩሳትና በከባድ ድንዛዜ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10ኛው ቀን ይሞታል ይላል። ዛሬ ይህ ትክክል እንዳልሆነ እናውቃለን። የመንጋጋ ውልቃት ራሱ አይገድልም። የእኔ እማማ በ19ኛው ቀን በሞተር ሳይክል መጥተዋል። ሆኖም ይህ ማለት መዘግየት አይጎዳም ማለት አይደለም። ሰው መብላትና መጠጣት ካልቻለ ይደርቃል፣ ይከሳል። በጠብታ የሚሰጠው ወተት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምናልባት የጥንቶቹ ታማሚዎች ያለቁት በዚህ ሊሆን ይችላል።

ከኮርዶባ እስከ ለንደን

በመካከለኛው ዘመን ዕውቀቱን ተሸክመው ያሻገሩት በአረብኛ የጻፉ ሐኪሞች ናቸው። በስፔን ኮርዶባ አጠገብ የኖረው አል ዛህራዊ በቀዶ ሕክምና መጽሐፉ ስለ መንጋጋ ውልቃት ጽፏል። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲናም በታላቁ የሕክምና መጽሐፉ ስለ ውልቃትና ስብራት አስተምሯል። በ1822 ደግሞ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር ስለ ውልቃትና ስብራት ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። ሙሉ በሙሉ የወለቀውን መንጋጋና ሸርተት ብሎ ራሱ የሚመለሰውን ለይቶ አስቀመጠ። ከላይ የጠቀስኳት እናት ልጅ ችግር ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል።

እስከዚህ ድረስ የእጁ ሥራ ብዙ አልተለወጠም። ነገሩን የለወጡት ሁለት ግኝቶች ናቸው። የመጀመሪያው ማደንዘዣ ነው፤ በ1846 በቦስተን ሆስፒታል በሕዝብ ፊት ታየ። ከዚያ ወዲህ ደርቆ የቆየ ጡንቻን አላልቶ መመለስ ተቻለ። ሁለተኛው ራጅ ነው፤ በ1895 በሮንትገን ተገኘ። የግብጹ ሐኪም በጣቱ ብቻ የሚለየውን ስብራትና ውልቃት በዓይን ማየት ተቻለ። የማይታከም የተባለው ስብራትም ዛሬ ይታከማል።

በ1951 ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሚርሃውግ ደግሞ መንጋጋቸው ደጋግሞ ለሚወልቅባቸው ሰዎች መፍትሔ አመጣ። ያቺን የአጥንት ጉብታ ቀርፎ ማውጣት። የሚቆልፈው ነገር ከሌለ መንጋጋው ወጥቶ አይቀርም፤ ተንሸራቶ ይመለሳል።

የእኛ አገር እጆች

ወደ አገራችን እንምጣ። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የቆዩ የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ አብዛኛው ነገራቸው ግን ዕፅዋት ነው። የአጥንት ሥራ በብራና ላይ ብዙም አልተጻፈም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ነው የተላለፈው። ባለቤቱም ወጌሻ ነው። በቦረና ያሉ ወገኖቻችን ባለሙያን፣ አዋቂን «ኦጌሳ» ይላሉ፤ ከወጌሻ ጋር ያለው ቅርበት ለጆሮ ይሰማል። ዛሬ በኦሮሚያ የጤና ባለሙያ የሚጠራው «ኦጌሳ ፈያ» ተብሎ ነው። እኔ ራሴ በተልተሌ የሠራሁት በዚህ ስም ነው። መንጋጋም በኦሮምኛ መንጋጋ ነው። ስለዚህ ወጌሻን ሳነሳ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ አላደርገውም፤ ስሙ እንኳ የጋራችን ነው።

ዘመናዊ ሕክምና በስፋት የገባው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ የሩሲያ ሆስፒታል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. በመቅደላ ጦርነት ከቤተሰባቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ተወስደው፣ እዚያ አድገው ተምረው ነው ወደ አገራቸው የመጡት። ቀጥሎ በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964 የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈቱ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወጌሻው በቦታው ነበር። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት አገር ለወለቀና ለተሰበረ የደረሰው እሱ ነው። ብዙ ውልቃት በእነሱ እጅ ተመልሷል። ደግሞም ብዙ ጉዳት ደርሷል። በተለይ የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦ፣ እስከ መቆረጥ ያደረሰባቸውን ሕፃናት በሆስፒታሎቻችን ያየ ሐኪም ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔም አይቻለሁ።

ግን እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ታሪክ አለ። ዶ/ር መኮንን እሸቴ በአገራችን በሚገኝ ሆስፒታል የአካባቢውን ወጌሻዎች ጠርተው አሠለጠኑ። አስተሳሰሩን፣ የደም መቋረጥ ምልክቱን፣ መቼ መላክ እንዳለባቸው አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር በጉልህ ቀነሰ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፍ የአጥንት ሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ወጌሻን ከመስደብ ይልቅ ማስተማር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የማይዘጋ አፍና የማይከፈት አፍ

ወላጆች፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሁለት ነገር እየተምታታ ሰው ይጎዳል።

መንጋጋ ሲወልቅ አፍ አይዘጋም። መንጋጋ ቆልፍ ሲይዝ ደግሞ አፍ አይከፈትም። መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ የመገጣጠሚያ ችግር አይደለም። በቁስል ወይም ንጽሕና በሌለው ነገር በተቆረጠ እትብት የሚገባ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በዚያው በግብጹ ጥቅል ላይ ጭንቅላቱ ቆስሎ አፉ የተኮማተረበት ሰው ተጽፏል፤ ትኩሳት ከያዘው ፍርዱ የማይታከም ነው።

ዛሬ ቴታነስን በክትባት መከላከል ይቻላል። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ በ2017 ተረጋግጦላታል። ይህ ማለት በሽታው ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ክትባት ከተቋረጠ ይመለሳል። ልጃችሁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ ነፍሰ ጡር እናቶችም ክትባታችሁን አትለፉ።

ሦስተኛም አለ። ለማስታወክ የሚሰጠው፣ በተለምዶ ፕላሲል የምንለው መድኃኒት፣ እንዲሁም አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ የፊትና የአንገት ጡንቻ እንዲጠማዘዝ ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል። ልጁ አንገቱ ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደላይ ይሄዳል፣ ምላሱ ይወጣል፣ አፉም ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ መንጋጋውን እስከ ማውለቅ ይደርሳል። ቤተሰብ «ልክፍት ነው» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሮጣል። መፍትሔው ግን በጤና ተቋም የሚሰጥ ማርከሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትመጡ ልጁ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ።

ዛሬ እንዴት ይታወቃል፣ እንዴት ይታከማል?

ምልክቶቹ፦

1. ካዛጉ፣ ከሳቁ፣ ትልቅ ነገር ከጎረሱ፣ ካስታወኩ ወይም ጥርስ ለመነቀል አፍ ለረጅም ጊዜ ከከፈቱ በኋላ አፍ አልዘጋ ማለት።
2. ምራቅ መፍሰስ፣ ንግግር መበላሸት፣ መዋጥ መቸገር።
3. ከጆሮ ፊት ሕመምና ጎድጎድ ያለ ቦታ።
4. በአንድ በኩል ብቻ ከወለቀ አገጭ ወደ ጤነኛው በኩል ይጣመማል። በሁለቱም ከሆነ ወደፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ሳይመታ፣ ሳይወድቅ፣ አዛግቶ ብቻ ከወለቀ ብዙ ጊዜ በዓይንና በእጅ ምርመራ ይበቃል። ከበቅሎ ወይም ከሞተር ወድቆ፣ ተመትቶ ወይም ተደብድቦ ከሆነ ግን ስብራት መኖሩን ለማየት ራጅ ያስፈልጋል። የተሰበረን መንጋጋ እንደ ወለቀ ቆጥሮ መጫን ትልቅ ጉዳት ያመጣል።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ታማሚው ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ራሱ ከግድግዳ ወይም ከረዳት ይደገፋል። የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ይነገረዋል። እንደ ሁኔታው የሕመም ማስታገሻና ማላያ ይሰጠዋል። ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን በጋዝ ጠቅልሎ በታችኛው የመንጋጋ ጥርሶች ላይ ወይም ከጎናቸው ያሳርፋል፣ ቀስ ብሎ ወደታች ይጫናል፣ ከዚያ ወደኋላ ይገፋል። ጠቅ ሲል ይገባል። ጋዙ የሚጠቀለለው ለምን መሰላችሁ? መንጋጋው ሲመለስ ጡንቻው በኃይል ይዘጋል። እኔ በኢንተርንነቴ ዘመን ጋዙን ረስቼ አውራ ጣቴ ለሳምንት አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

በ2014 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጣት አፍ ውስጥ ሳይገባ የሚሠራ ዘዴ ተሞክሮ ታተመ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ በኋላ ጥርሶች መካከል ይቀመጣል፤ ታማሚው ቀስ ብሎ ነክሶ ወደፊትና ወደኋላ ያንከባልለዋል። ከ31 ታማሚዎች በ30ው ሠርቷል። ይህ ግን ባለሙያ አጠገብ ሆኖ የሚደረግ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ከተመለሰ በኋላ ለሁለት ሦስት ሳምንት ለስላሳ ምግብ ይበላል፦ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ። አፍ በሰፊው አይከፈትም። ሲያዛጉ እጅን ከአገጭ ሥር አድርጎ መደገፍ ያስፈልጋል። ጫት ለሰዓታት ማመንዠግ፣ ሸንኮራ መጋጥና ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ይቅር። ደጋግሞ የሚወልቅ ከሆነ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት። የራስን ደም ወስዶ መገጣጠሚያው ውስጥ መስጠትን ጨምሮ እስከ ቀዶ ሕክምና የሚደርሱ መፍትሔዎች አሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ፦ ሕመም የሌለው፣ አፍ ተቆልፎ የማያስቀር «ቋ» የሚል ድምፅ በብዙ ሰው ላይ አለ፤ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። ሕመም ካለው ወይም አፍ ተከፍቶ መቅረት ከጀመረ ግን ታዩ። የዚያች እናት ልጅም እንዲሁ፤ ችግሩ ከተደገመ ይመርመር። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ከመጠን በላይ የሚተጣጠፉ ልጅ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ታማሚውን አረጋጉ። አይሞትበትም፣ ይመለሳል በሉት። መረጋጋት ራሱ ጡንቻውን ያላላል።
2. ቁጭ ብሎ ወደፊት ዘንበል ይበል፣ ምራቁ ይውጣ። በጀርባው አታስተኙት።
3. በጥፊ አትምቱ፣ በኃይል አትዝጉ፣ በጨርቅ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ጭስ አታጥኑ።
4. ምግብ በግድ አታጉርሱ። መንገዱ ረጅም ከሆነና መዋጥ ከቻለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ የጠጣበትን ሰዓት ለባለሙያው ንገሩ።
5. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱ። በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ መንጋጋ ቀላል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ከዚያም ከዘገየ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህን የምታነቡ የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። አፉ ተከፍቶ የቀረ ሰው ሲመጣ መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ጣታችሁን ከጆሮው ፊት አሳርፉ። ጎድጓዳውን ካገኛችሁ አውቃችሁታል። መመለስ ካልቻላችሁም በዚያው ቀን ላኩት።

እማማ እንዴት ሆኑ?

በሆስፒታሉ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተው ያለ ቀዶ ሕክምና መንጋጋቸው ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከልጃቸው ጋር ተልተሌ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ሞላ ብሏል። ሻርፑ ራሳቸው ላይ ነው እንጂ አፋቸው ላይ አይደለም። እጄን ይዘው «ገለቶሚ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላቸውን ሰማሁ።

ወዲያው ደግሞ ማዛጋት መጣባቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ ትንፋሻችንን ዋጥን። እማማ ግን ረጋ ብለው መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር አስገቡና በልክ አዛጉ። ቀና ብለው እኔን አይተው ሳቁ። እኛም ሳቅን።

የግብጹ ሐኪም ዕውቀቱን ጽፎ ካስቀመጠው 3,600 ዓመት ሆኖታል። እማማ ጋ ለመድረስ 19 ቀን ተጨማሪ ፈጀበት። ያን 19 ቀን የሚያሳጥረው አዲስ ማሽን አይደለም፤ ይህን ያወቀ ጎረቤት፣ ልጅ ወይም ወጌሻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለወዳጅ ዘመድ፣ በተለይም ገጠር ቤተሰብ ላላቸው አጋሩ። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በቃል ንገሩልኝ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በተራ እመልሳለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!